የፓምፑ ቁልፍ

አራብሳ ነው ነገሩ፣ ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣
ከተማው አልቆ ጤፉ ሳይጀምር፣ ጠጠር ባልጠገበ መንገድ፤
ነፋስ ብቻ ነው እዚህ፣ ሳይመዘገብ፣ ሳይቆጥብ፣
ቤት የደረሰው፤ በየደረጃው ከአቧራው ጋር የሚሰበሰብ።

እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ተከራይ። በሰው ዕጣ ያደርኩ፣
ሦስት ዓመት ሙሉ በጄሪካን አንድ ትከሻዬን ያዘመምኩ።
ፓምፑ ሞቷል ይባላል። የሞተበትን ቀን የሚያውቅ የለም፤
ጡሩምባ አልተነፋለትም፣ ለቅሶ አልተቀመጥንም።
"ደብዳቤ ጻፉ" አሉን፣ ጻፍን። "ማኅተም የለውም" አሉን።
ማኅተም ልናስቀርጽ ብንሄድ፣ "ደብዳቤ አምጡ" አሉን።

ከሃያው በር፣ የአሥራ አራቱ ባለቤት ሌላ ሰፈር ነው የሚያድረው፤
በባንክ ደረሰኝ ነው፣ በወር አንዴ የምናውቀው።
ስብሰባ ሲጠራ ግን ሦስቱ መጥተው ወንበር ሳቡ፣
"ተከራይ ድምፅ የለውም" የሚል ቃለ ጉባኤ አነበቡ።

ኑሪያ ተነሳች፣ ምድር ቤት ልብስ የምትሰፋዋ፤
መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣች፣ እንደ ክር ቀጠነ ቃሏ፦
"ድምፁን ያዙት። እኛ የፈለግነው ውሃ ነው።
ፓምፕ ፈትቶ የሚያውቅ አለ? ሊቀ መንበራችን እሱ ነው።"

ደባልቄ እጁን አወጣ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ የመብራት ሠራተኛ፣
ከሚስቱ ጋር ሲጣላ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ዝምተኛ።
ትብለጽ በር በር አንኳኳች፣ ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ፤
የለኝም ያለ ጉልበት አዋጣ፣ አካፋ ተውሶ መጥቶ።
ሻምበል ወልደሰማያት እንኳ፣ በሰባ ዓመት ጉልበታቸው፣
ክዳኑን ካልያዝኩ አሉ፤ እኛም እንዳይከፋቸው ተውናቸው።

ጉድጓዱ ሲከፈት ደባልቄ ባትሪውን ሰዶ ሳቀ፦
"ሞተሩ ደኅና ነው። ሽቦውን አይጥ ነው ያደቀቀ።"

ሁለት ክንድ ሽቦ።
ሦስት ዓመት ጀርባችንን ያጎበጠው ሁለት ክንድ ሽቦ፤
ማንም ጎንበስ ብሎ ስላላየ፣
ጎንበስ የማለት ፈቃድ ያለን ስላልመሰለን።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧዬ እንደ ሽማግሌ ሳለ፣
ዝገት ተፋ፣ ቀይ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ጠርቶ ፎለፎለ።

አሁን ቁልፉ በኑሪያ በር ምስማር ላይ ነው የሚሰቀል፤
ተራው በጠመኔ ይጻፋል። ደብተሩ እኔ ጋ ነው፣ ባለ ሃምሳ ቅጠል፦
"አምፖል ሁለት። መጥረጊያ አንድ። የጥር መዋጮ ያልከፈሉ አራት በር፤
ምክንያት፦ አንድ አራስ፣ ሁለት ሥራ የለቀቁ፣ አንድ ንፉግ፤ ይመከር።"

አንጣላም አላልኩም። ከሁለተኛ ፎቅ የታጠበ ምንጣፍ
የኑሪያ ስፌት ላይ ይንጠባጠባል፣ ጩኸቱ ግቢውን ያናውጻል።
ግን ጠብም ቀን ተቆረጠለት፦ ማክሰኞ፣ ከራት በኋላ፣
ስንት ዓመት ተቆልፎ በከረው ኮሚናል ውስጥ፣
ልጆቹ አጥንተው ሲወጡ፣ ወንበሩ ገና ሳይቀዘቅዝ።

ከዚያ ብሎኩ አማረና ኪራይ ጨመረ።
"ደረጃው በርቷል፣ ውሃ ወጥቷል" ብለው፣ ሁለት ሺህ።
የገዛ ላባችንን መልሰው ሸጡልን።
አንድ ደብዳቤ ጻፍን፣ አሥራ አራት ፊርማ፣
የደብተሩ ግልባጭ ከጀርባው። ማኅተም አልነበረውም።
ዘጠኙ ጭማሪውን ተዉት፣ አራቱ ከፊሉን።
የትብለጽ አከራይ ስልክ አላነሳም።

እሑድ ዕቃዋ በአይሱዙ ተጫነ።
ከመሄዷ በፊት በር በር አንኳኳች፣ እንደ ልማዷ፣
የየካቲትን መዋጮ ሰብስባ፣ ቆጥራ ሰጠችኝ።

በእሷ ቤት የገባው ልጅ፣ ፍራሹን ገና ሳያወርድ፣
"የዚህ ሕንፃ ኃላፊ ማነው?" አለ።
ኑሪያ ቁልፉን ከምስማሩ አውርዳ
መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት፦
"ሐሙስ ያንተ ተራ ነው።"