በኪስ የቀረ ድምፅ

በሜይን፣ በሃርሎ ፎርድ፣ ወንዙ በረዶውን ሰብሮ ወረደ፤
ሰኞ ነው፤ እጥበት ነው፤ ማገዶው ነደደ።
የኦባዳያ ሱፍ፣ የእሁድ ሰደርያ፣
በዓመት አንዴ ናት ውሃ የምታይ፣ በፀደይ መግቢያ።
ኪሷን ስገለብጥ ትምባሆ ረገፈ፣
ከትምባሆው ጋራ ወረቀት፣ አራት የታጠፈ።

ባለፈው መስከረም፣ በአገረ ገዢው ምርጫ፣
ከጸሎት ቤት ደጃፍ ስድብና ጡጫ፣
ይሄ «ትሬድዌል» ሲል ያ «ላትሮፕ» እያለ
የመጋዝ ፋብሪካው ሥራ ተስተጓጎለ።
ባሌማ ድምፅ ነበር፤ ከጎህ እስከ ማታ
የላትሮፕን ሰዎች በነገር ሲመታ፤
ወንድሙን ኢኖስን ከደጃችን አባረረ፣
ባንድ ሳህን ባደጉት መሃል አጥር ታጠረ።

እኔ ድምፅ የለኝም። ሴት ነኝ፤ ሕጉ ያውቃል።
የማውቀው፣ የበረቱ በር ማጠፊያው ወልቋል።
እና ያን ቀን ጠዋት፣ በእርሳስ ጉማጅ ጽፌ፣
«ሁለት ፓውንድ ምስማር፣ ጥቁር ክርና መርፌ፣
ሞላሰስ ባለፈው ልክ» ብዬ ሰጠሁት፤
ሳያየው ተቀብሎ ኪሱ ሲከት አየሁት።

ማታ ድምፁ ተዘግቶ፣ በፖም ጠጅ ሰክሮ፣
«ሰጠሁ!» አለኝ፣ «ድምፄን!» ደረቱን ወጥሮ።
«ምስማሩስ?» ስለው፣
«አገር ሲታመስ ነው ምስማር የምትይው?»

ቆጠራው ከረመ። ጭጋግ ጀልባ ያዘ፣
የአንዱ ደሴት ሳጥን ሳምንት ተጓዘ፤
አንዱ ቀበሌ ላይ ስሙ ተሳሳተ፣
«ትሬድል» ተብሎ አሥራ አንድ ድምፅ ሞተ።
የኛን ሳጥን ደግሞ፣ ፋኖስ ተደግፎ፣
ጸሐፊው ፔቲንጊል ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ፣
«ሁለት ፓውንድ ምስማር!» ብሎ አነበበ፤
ጣሪያው በሳቃቸው ተርገበገበ።
ምስማር የተባለ ዕጩ ስለሌለ
ያ ወረቀት ቀረ፤ ከቁጥር ጎደለ።

ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ባሌ ነው።
እንባውን እየጠረገ እሱው ነገረኝ።
እኔም ሳቅሁለት። ጠረጠርኩ፤ ዝም አልኩ።
ክረምቱን ሙሉ ያቺ ሰደርያ ከሚስማሯ ላይ ተሰቅላ
ስታየኝ ከረመች፤ እጄን አልሰደድኩም።

በጥር ውርጭ መሃል ፖስተኛው ሲመጣ፣
ላትሮፕ ባንድ ድምፅ በልጦ ወንበር ወጣ።
«ያ አንድ ሰነፍ ማነው፣ ቤቱ የጋደመ?
ባገኘው፣ ወንዝ ነበር...» እያለ ከረመ።

ይኸው «ትሬድዌል»፣ በማተሚያ ቀለም፤
ጠርዙ ርሷል እንጂ ስሙ ላይ እንከን የለም።
የሱ ድምፅ በኪሱ። የኔ የእጅ ጽሕፈት
ከወንዶቹ ሳጥን ገብቶ፣ ተነቦ፣ ተሳቀበት።
ሌላ ሴት ይህን አግኝታ ታውቅ ይሆን?

ልንገረው ለኢኖስ፣ አጥሩን ተሻግሬ?
ልማግደው? ወይስ ላስጣው፣ ከሸሚዞቹ ጋር ገመድ ላይ ቋጥሬ?

ከጓሮ ይሰማል፣ ላትሮፕን ሲረግም።
ነፋስ ተነሣ።
የበረቱ በር ይመታል፤ ይከፈታል፤ ይመታል።
ምስማሩ ገና አልተገዛም።