አባቴ ዓለምን የወረረ ለት

ሰዓሊው ስታንዊክ፣ የላይ ፎቅ ተከራይ፣
የሦስት ወር ዕዳ አለው በሸሚዞቹ ላይ።
አንድ ቀን ወረደ፣ ባንኮኒው ጋ ቆመ፣
የአባቴን ቅንድብ በአንድ ዓይኑ አለመ።
«ፊትህን አውሰኝ፣ ለአንድ ከሰዓት ነው፤
መጽሔቱ ሲከፍለኝ ዕዳዬን ልዝጋው።»
አባቴ ካውያውን ከምድጃ አወረደ፣
እጁን በሽርጡ ጠርጎ ተከትሎት ሄደ።

ንጉሥ አደረገው።
የሶፋ ልብስ ደርቦ፣ የመብራት ቆብ ደፍቶ፣
የሾርባውን ጭልፋ እንደ ጎራዴ ዘርግቶ፤
«የሞት ጨረር ነው ይሄ፣ አጥብቀህ ያዘው፤
ኒውዮርክ ትነዳለች፣ አንተ ነህ ያቃጠልከው!
ተቆጣ፣ ሚስተር ሞይ! አይ፣ እንደሱ አይደለም፤
ሚሊዮን ጦር ከኋላህ ነው፣ ልትውጡ ነው ዓለም!»
አባቴ ዞር ብሎ አየ።
ከኋላው ያለሁት እኔ ነኝ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
አንድ ካልሲዬ ወርዶ።

መቆጣት አቃተው። ሲሞክር ሳቅ መጣው።
«እሺ፣ ያንገበገበህን አንድ ነገር አስበው።»
አሰበ።
ወንድሙን፤ በካሊፎርኒያ ደሴት፣ ከሽቦው አጥር ኋላ፣
አሥራ አራት ወር።
«የእናትህ ቤት ደረጃው ስንት ነው?» ይለዋል መርማሪው።
«ስድስት።»
«ባለፈው ሰባት ብለሃል።»
ያኔ የአባቴ ፊት ጠቆረ።
«በቃ! እንደሱ! እንዳትነቃነቅ!»
ስታንዊክ ሐዘኑን ቀዳው።
ቀለሙ ሲደርቅ ጭካኔ ሆነ።

በመጋቢት ወጣ።
ቆዳው ያልበሰለ ሎሚ፣ ጥፍሩ እንደ ማጭድ፣
ከሰማይ በመርከብ ወርዶ ሕንፃ ሲንድ።
ዓይኑን ብቻ አልነኩትም።
ጋዜጣ መሸጫው ደጃፍ ቆሜ ቆጠርሁ፦
ሃያ አባት፣ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሎ።

ቅዳሜ ሚስተር ዱጋን ሸሚዙን ሊወስድ መጣ፣
መጽሔቱ በብብቱ፣ ፊቱ በፍርሃት ነጣ።
«ይመጣሉ» አለን፣ «አንድ ሌሊት ይመጣሉ፤
ሥራችንን፣ ቤታችንን፣ ልጆቻችንን ሳይቀር ይወስዳሉ።»
አባቴ ራሱን ነቀነቀ፣ ሸሚዞቹን ጠቀለለ፤
የወለቀች ቁልፍ ሰፍቶለት ነበር፣ ሂሳብ ውስጥ አላስገባትም።
ዱጋን ሽፋኑን አየ።
አባቴን አየ።
መልሱን ቆጥሮ ወጣ።

ማታ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣
ስታንዊክ የሰጠንን ቅጂ በካውያ በደነደነ ጣቱ ገለጠ።
እንግሊዝኛ አያነብም።
«ሩቢ» አለኝ፣ «ከተማዋን ከያዝኩ በኋላ
ምን አደረግሁ?»
የገጹን ግርጌ ፈለግሁ።
«አልተጻፈም» አልኩት።
«‹ይቀጥላል› ነው የሚለው።»