የማን ምትክ

ቅጹ ሦስት ስም ይላል፤ ሦስቱንም ሞላሁት፦
ትርሲት ካሳሁን ምትኩ፤ ፈርሜ ሰጠሁት።
«ከምትኩስ ወዲያ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም፤
የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሁ አላውቅም፤
ከክፍለ ከተማው ደጅ፣ በአዳማ ሐሩር ቆሜ፣
አያቴ ጋ ሲደርስ ያልቃል ለካ ስሜ።

ጋሽ ቱሉ ጡረተኛ ነው፤ የምድር ባቡር ደመወዝ ከፋይ፤
እሱ ነው ያስጀመረኝ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ ከበርጩማው ላይ፦
«ከራስሽ ጀምሪ፤ ከምታውቂው ወደማታውቂው ሂጂ፤
በእርሳስ ጻፊ፤ ሙት ስሙን ይቀይራል፤ ላጲስም ያዢ፤
አንዱን ነገር ሦስት ሰው ጠይቂ፤
ሦስቱም አንድ ዓይነት ካወሩሽ፣ ተማክረዋልና ተጠንቀቂ።»

ባለካሬ ደብተር ገዛሁ፣ ከመናኸሪያው ማዶ።
የመጀመሪያውን ገጽ አበላሸሁት፤
አባቴን ከአያቴ በላይ አስቀምጬ፣
ሐረጉን ገልብጬ።

አክስቴ አሰገደች ዓመተ ምሕረት አታውቅም።
«አባባ ያረፈው» አለችኝ፣ ለአፍታም ሳታቅማማ፣
«ሸንኮራው የነደደ ለት ነው፣ ጭሱ ሲደርስ አዳማ።»
አክስቴ! የወንጂ ሸንኮራ በየዓመቱ ይነዳል!
«እንግዲያው» አለች ተቆጥታ፣ «በየዓመቱ ሞቷል!»

ሁለት ሳምንት ሙሉ የሌላ ሰው ምትኩ ስከተል ከረምኩ፤
ሞጆ ድረስ ሄጄ፣ የማላውቃቸውን አቅፌ ሳምኩ፣
ምሳ በልቼ፣ አልቅሼ፣ ስሕተቴን ይዤ ተመለስኩ።
«አይዞሽ» አለ ጋሽ ቱሉ፣ «እነሱም ዘመድ አገኙ።»

ከፍራሽ ሥር የወጣ ፎቶ፤ ሁለት ወንድ፣ አንድ ብስክሌት፤
ከጀርባው የደበዘዘ ማኅተም፦ ፎቶ ቤት፣ ናዝሬት።
አዳማ እያልኩ ስፈልግ ስንቱ ወረቀት አለፈኝ!
ከተማም እንደ ሰው ሁለት ስም እንዳለው ያን ጊዜ ገባኝ።
የትኛው ወንድ ምትኩ እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ፤
ብስክሌቱ ግን የኪራይ ነው፤ ቁጥሩን አየሁ።

በመጨረሻ የእድሩ ሣጥን። የለገሃር ሠፈር እድር፤
ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ፣ መዝገቡ ግማሹ አፈር።
ምትኩ፤ ስሙኒ ከፈለ።
ምትኩ፤ ከቀብር ቀርቶ ሃምሳ ሳንቲም ተቀጣ።
(ለካ የኔም መቅረት ከሱ ኖሯል የመጣ።)
ሙሉ ስሙን ፈለግሁ፦ «ምትኩ ወልደ…» ይላል፤
ቀጥሎ ያለውን ምስጥ በልቶታል።
ወልደ ማን? የማን ልጅ?
ምስጥ እንደሆነ አይናገርም።

ከዚያ አንድ መስመር፣ በሌላ ቀለም፦
«ምትኩ፤ ድንኳን ወሰደ። ለልጅ።
እንደ ደንቡ ግማሽ ክፍያ።»
ስም የለም። ዕድሜ የለም። ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ፣
ከዚያም የወር መዋጮ፣ እንደ ወትሮው፣ በተርታ።
በዓመቱ፣ ከገጹ ግርጌ፦
«ምትኩ፤ ቤተሰብ ጨመረ፤ ካሳሁን።»

ካሳ ሁን።
ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ በፈተና ወረቀት፣ በቼክ፤
የምን ካሳ? ብዬ አላውቅም። ምትኩስ የማን ምትክ?
መዝገብ ፍለጋ ወጥቼ ስንት ቢሮ ስዞር፣
መዝገቡ አፌ ውስጥ ነበር።

አክስቴ ዘንድ ተመለስኩ። ጠየቅኋት። ሬዲዮኑን ዘጋች።
ነፋሱ ቆርቆሮውን እስኪተወው ጠበቀች።
«እማማ ስሟን እንዳንጠራ አስምላን ነበር።»
ስሟን?
«ሴት ናት» አለች።
ሬዲዮኑን መልሳ ከፈተች።

ከአባቴ ጎን ትንሽ ካሬ ሠራሁ፤
«ሴት» ብዬ ጻፍሁ፣ በእርሳስ፣ ጫን ሳልል።
ከምትኩ ጎን ሌላ ካሬ፤ እሱን ባዶውን ተውሁት።
ጋሽ ቱሉ መነጽሩን ወልውሎ ሁለቱንም አያቸው፣
ላጲሱን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ከተተው።

ዛሬ ጤና ጣቢያ፣ ከካርድ ክፍሉ መስኮት፣
«ትርሲት ካሳሁን ምትኩ!» ብለው ሲጠሩኝ
አቤት አልኩ፤ ግን ቀስ ብዬ ነው የተነሣሁት፤
አንዳቸውም እንዳይቀሩብኝ።