ቁልፍ የሚከብደው ዘንግ

ከፖስታ ቤት ማዶ፣ ከደረጃው ሥር፣
ጎንበስ ያላለ ሰው የማያልፈው በር።
ውስጡ የቆመ ሰዓት፣ ክዳን ያጣ ብዕር፣
የጃንጥላ አጥንት፣ የአኮርዲዮን ሳንባ፣ የማንም ያልሆነ ክር፤
ከወደ ጥጉ ደግሞ ግድግዳ ተደግፈው
ሁለት የዓሣ ዘንጎች፣ እንደ ተኳረፈ ሰው፣
አንዱ ወደ ጣሪያ፣ አንዱ ወደ መስኮት ፊታቸውን አዙረው።

እኔ የመጣሁት ለመጋረጃ ነው።
«ዘንግ ገዝተህ ና» አለችኝ የትምወርቅ፣ በጠዋት ተነሥታ፣
ብር ቆጥራ ሰጥታ፣ የመስኮቱን ስፋት በስንዝሯ ለክታ፣
«ጎረቤት ራታችንን አብሮን እየበላ!» ብላ፣ ከልቧ ተቆጥታ።

«ጥቁሩን ነው እንጂ!» አለ ቃለአብ፣ ዓይኔን ተከትሎ፣
«ካርቦን ነው፤ ብረት ነው በለው፣ ላባ ነው ደግሞ ቀሎ፤
እዚህ ቆመህ ብትወረውር ለገሃር ያርፋል ክሩ።»
«ቢጫውስ?»
«እሱ ፋይበር ነው፣ የድሮ፤ ልፍስፍስ፤ ጡረታ ወጥቷል ነገሩ።»

ለገሃር ምን አለኝ?
የኔ ውኃ ሌላ ነው፤ ከዲንሾ ሽቅብ፣ ብርድ የወለደው፣
ልጅ በአንድ እርምጃ የሚሻገረው፣
አስታው ከወዲያም ከወዲህም ክንዱን የጣለበት፣
ሰው ጥላውን አጥፎ፣ በጉልበቱ ሄዶ፣ የሚደርስበት።
ትራውቱም ትንሽ ነው፤ ከኬንያ መጥቶ እዚያው የቀረ እንግዳ፣
ቁመቱ መዳፍ፣ ጎኑ ቀይ ነጥብ፤
ጥላ ያየ እንደሆን ድንጋይ ሥር የሚገባ፣ ልክ እንደ ባለ ዕዳ።

ናደው ነው ያሳየኝ፤ ቀያሽ ነበር፣ በመሬት ልኬት ያረጀ፣
ከዶሮ ላባና ከልብስ ስፌት ክር ዝንብ እያበጀ።
«ወደ ኋላ ስትጥል» ይለኝ ነበር፣ «ወዲያው እንዳትመልስ፤
አንዲት ትንፋሽ ጠብቅ፣ ክሩ አየር ላይ ተኝቶ ዘርጋ እስኪል ድረስ።»
ጠብቄ አላውቅም። ባንክ ቤት ነው የምሠራው፤ ወረፋ ነው የማየው፤
እጄ ማህተም ለምዷል፤ ማህተም ደግሞ የሚወደው መቸኮልን ነው።

ወይዘሮ አስካለ፣ የቃለአብ እናት፣ እስካሁን ዝም ብለው ቆይተው፣
ከመቀነታቸው የሱቁን ቁልፍ ፈተው፣
በክር አንጠለጠሉት ከጥቁሩ ጫፍ ላይ።
ጥቁሩ አልሰማም። ቀጥ እንዳለ ቀረ፣ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ።
ከዚያ ከቢጫው ላይ።
አንገቱን ሰበረ፤ ቀጥሎ ትከሻውን፤ ቀጥሎ ወገቡን፤
እጀታው ድረስ ወርዶ ለመዳፌ ነገረው፣ ዝገቱ ሳይቀር፣ የቁልፉን ልቡን።

«የምትይዘው ዓሣ ምን ያህላል?» አሉኝ።
«ይህን ቁልፍ ያህላል። ሲበዛ፣ ሁለት ቁልፍ።»
«እንግዲያው» አሉና መልሰው ቋጠሩት።

ከሦስተኛው ቀለበት በታች ስንጥቅ አለ፣ በቀይ ክር የታሰረ።
«ማን ነው የጠገነው?» አልኩ። «ባለቤቴ» አሉ፤ ወሬውም እዚያው ቀረ።
ሁለት ሺህ አሉኝ፤ ሺህ አምስት መቶ አልኩኝ፤ መሐል ላይ ታረቅን፤
የመስኮቱ ልክ ኪሴ ውስጥ ተጣጥፎ፣ እኔና ቢጫው ወጣን።

«አንቴና ነው?» አለኝ የታክሲው ረዳት።
«አዎ።»
«ስንት ጣቢያ ይይዛል?»
«አንድ።»

አራት ኪሎ ወርጄ፣ ወደ ቤት መታጠፊያውን አልፌው፣
ግንፍሌ ድልድይ ላይ ቆምኩኝ። ከሥሬ ጠቁሮ የሚሄደው
ፌስታል ይጎትታል፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ የሰው ቤት እጣቢ።
መንጠቆ የሌለው ክር አሰርኩ። ወደ ኋላ ጣልኩት።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ ዓሣ የለም» አለኝ አንድ ሊስትሮ፣ ሣጥኑን አስቀምጦ።
«አውቃለሁ።»
«ታዲያ ምን እያደረግህ ነው?»

ዘንግ ግዛ ተብዬ ዘንግ ገዛሁ፤ ምን አጠፋሁ ልበል?
መስኮታችን ራቁቱን ነው። የትምወርቅ መብራት ሳታበራ ተቀምጣ ይሆናል።
«ቆይ» አልኩት ልጁን፣
ከኋላዬ፣ ከጡሩምባው በላይ፣ ክሩ ገና አልደረሰም።