ቀጭኑ ገመድ

የገና መብራት ያበራ፣ ያ ቡናማ ቀጭን ገመድ፣
እስከ ጓሮው አጥር ደርሶ በሰኔ ፀሐይ ሲማገድ፣
የሣር ማጨጃው መሃል ላይ እያቃሰተ ቀረብኝ፤
ጥቅልሉን ነካ ባደርገው የወባ ግንባር ሆነብኝ።

ዊኒፔግ፣ የሃርድዌር ሱቅ፤ ዶሪን መነጽሯን ሰቅላ፣
«ጓሮህ ስንት ጫማ ይሆናል? ሞተሩስ ስንት አምፔር?» ብላ፣
አሥራ ስድስቱን ስጨብጥ እጄን በጣቷ መለሰች፤
«ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚወፍረው፤ አሥራ ሁለቱን ያዝ» አለች።
«የደጅ መሆኑን አይተህ፤ ደሞ ዘርጋው እስከ ጫፉ፣
ተጠቅልሎ ከሠራማ እሳት ያድራል በእቅፉ።»

ከበደኝ፤ ዋጋውም ራሱም።
ማጨጃው ግን አጥሩ ሥር ሳያቃስት ደረሰ።

ቀጭኑን ከአምፖሎቹ ጋር ካርቶኑ ውስጥ አስተኛሁት፤
እሱ ምን አጠፋ? እኔ ነኝ፣ ያልቻለውን ያሸከምኩት።