ጉዳዩ፦ ድንገት ስለሚጠፋ ኮምፒውተር

ፈርዶሳ ደወለች፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፦
«ይኸው ጠፋ ደግሞ፤ መጥተህ አንዴ ብታይ!»
ድሬ በዚህ ሰዓት ሱቁን ቀርቅሮታል፣
ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ሥር ተኝቷል።
ባጃጅ የለ፣ ሰው የለ፤ ደቻቱን በእግሬ
አሸዋው እየፈጀኝ መጣሁ ተሻግሬ፤
ብሎን መፍቻ፣ ብሩሽ፣ ላጲስ በኪሴ፣
ምሳዬን ሳልጨርስ፣ ላብ ጠጥቶ ልብሴ።

በሯ ላይ «ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» ይላል፤
የ«ፎቶ»ን «ፎ» ፀሐይ ከበላት ቆይቷል።
ውስጥ አቶ ሮብሌ ዋይስ፣ ፌስታል በጉልበታቸው፤
አንድ ክንድ ከግቢያቸው ጎረቤት ገፍቷቸው
ለወረዳው አቤት ሊሉ።
ሦስት ጊዜ ተጻፈ፤ ሦስቴም እዚያው ላይ፣
«አመልካች» የሚለው ጋ ሲደርሱ — ድርግም።
ከዚያ ወዲያ ጥቁር፣ ከዚያ ወዲያ ዝም።
«ያ ሰውዬ» አሉኝ፣ «ይሄንንም ጉቦ አብልቶታል።»

ገመዱን ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት፤
ማከፋፈያውንም በሌላ ቀየርኩት፤
ያው ነው።
ሚሞሪውን አውጥቼ በላጲስ አሸሁት፣
እፍ ብዬ፣ ፈርቼ፣ ቦታው መለስኩት፤
ተነሳ። ደስ አለን። አንድ አንቀጽ ሄደና —
ድርግም።
«ቫይረስ ነው» አለች፣ «የወንድሜ ፍላሽ ያመጣው።»
«ቫይረስ ያሾፋል እንጂ እንዲህ አይገድልም» አልኩ፣
የማላውቀውን ሁሉ እንደሚያውቅ ሰው ኮርቼ።

ጎኑን ከፈትኩት።
ማራገቢያው ታፍኗል፣ አቧራ ደርቧል፤
በድሬ ሐሩር መሐል ጋቢ ተከናንቧል።
ከክንፎቹ መሐል የሻሿ ክር፣ አንድ ጉንዳን፣
ከእጇ ሂና የረገፈች አንዲት ቅርፊት፤
ፓስታው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣
ጎርፍ አልፎ እንደከረመ የደቻቱ ጭቃ።

«ይጠፋል እንጂ» አልኳት፣ «ምንም አላጠፋም፤
ራሱን ሊያድን ነው፤ ባይጠፋ አይተርፍም።»
በሻሿ ጫፍ አንገቷን እየጠረገች፣
«እኔስ» አለች ቀስ ብላ፣ «ስድስት ሰዓት ላይ ብጠፋ፣
ማን መጥቶ ያበራኛል?»
መልስ አልነበረኝም። ብሩሼን አነሳሁ።

ጠረግኩ፣ እፍ አልኩ፣ አስነጠስኩ፣ ፓስታ ቀባሁ፣ ዘጋሁ።
ቁልፉን ስትጫነው እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ፤
ጣቶቿ ሮጡ፦ ወረዳው፣ አጥሩ፣ አንዱ ክንድ፣
«አመልካች» — አለፈ! — ሮብሌ ዋይስ።
ሽማግሌው ቆሙ፣ ማኅተም ያዩ ይመስል፤
«አትሚው!» አልኩ፤ እጇ ወደ ማተሚያው ሲሄድ —

ድርግም።

እሱ ብቻ አይደለም፤ የጣሪያው ማራገቢያ፣
የማዶው ፍሪጅ፣ የወፍጮ ቤቱ ጩኸት፤
ከጎረቤት ልጅ ተጣራ፦ «እናንተም ጋ ሄደ?»
«ሴቭ አርገሽዋል?» አልኳት።
ዝም።

አቶ ሮብሌ እኔን አዩ፣ ብሎን መፍቻዬን አዩ፣
በበሩ አሻግረው የመብራቱን ምሰሶ አዩ፦
«የዚህንስ ጎኑን አትከፍተውም?» አሉ።

ፈርዶሳ እየሳቀች መሳቢያውን ሳበች፣
መስመር ያለው ወረቀት፣ ክዳን የሌለው እስክሪብቶ፤
ከላይ፣ በስተቀኝ፣ ቀን ጻፈች።