መደብ አርባ አንድ

ከቦርከና ማዶ፣ ከፋብሪካው ጀርባ፣
አልፋልፋ ዘርተናል እኔና ጧይባ፤
እሷ ባለ መዝገብ፣ እኔ ባለ መርጫ፣
ሁለታችን አንድ ላይ የትንኝ መፈንጫ።

ገበሬው መድኃኒት ለማሳው ሲገዛ፣
እኛ በጠርሙሱ ዋጉን ስናበዛ፣
በውሃ በጥብጠን፣ ጤዛው ሳይረግፍ ገና፣
እንረጨው ነበር በለምለሙ ጤና።

ዘበኛው ሙህዬ አጥር ተደግፎ፣
«አሟችኋል?» ይላል ትዕግሥቱ አልፎ፤
«የበቀለን ተክል ደዌ የሚያጠጣ
የት አገር ታይቶ ነው? ከወዴትስ መጣ?»

ጧይባ አትመልስም። ጎንበስ ብላ ትቆጥራለች።
ሺህ ሁለት መቶ ችግኝ።
በሳምንቱ ቢጫ ነጥብ፣
በሁለተኛው ጣት ላይ የሚቀር፣ ዝገት የመሰለ ዱቄት፣
በወሩ አስራ ሰባት።
የቀረውን እየነቀልኩ ጆንያ ስሞላ
«አይክፋህ» አለችኝ፣ «እዚሁ እኛ ጋ ይሙት፣
ገበሬው ጓሮ ደርሶ ጥጃ ከሚያስርብበት።»

ከዚያ የሠርግ ወራት።
ሐምራዊውን አበባ በወረንጦ ከፍታ
የአንዱን ብናኝ ለሌላው ታሻግራለች፤
እንደ ወግ አጥባቂ ሽማግሌ
ሰባት ቤት ቆጥራ ትድራለች፣
በወረቀት ከረጢት ትሸፍናለች፣
ንብ ሐሜት እንዳያመጣ።

በዘጠነኛው ዓመት
መደብ አርባ አንድ ቆመ።
ዋጉ ዞረው፣ ዞረው፤
ደከመ።

ሰኞ ጠዋት ከደሴ ኮሚቴ ሊመጣ፣
እሑድ ሌሊት ካጥሩ አንድ እንጨት ወጣ።

የሙህዬ ላም፣ ቦራ፣
መደብ አርባን አልፋ፣ አርባ ሁለትን ንቃ፣
አርባ አንድን እስከ ጉቶው ግጣ
ተኝታ ታመነዥካለች።

ሙህዬ ጋቢውን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ።
እኔ ዱላ ፈለግሁ።
ጧይባ የላሟን ግራ ጎን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አዳመጠች፤
«አስነሷት፣ ትራመድ፤ እርጥብ ነው የበላችው፣ ትነፋለች»
አለች፤ ሌላ አላለችም።
ፀሐይ እስኪወጣ ላሟን በማሳው ዳር
ሦስታችን እየተፈራረቅን አዞርናት።

ኮሚቴው መጣ፤ ጉቶ አየ፤
ሻይ ጠጣ፤ ዳገቱን ተመለሰ።

በአስራ ሁለተኛው ቀን፣
ሙህዬ ገና አጥሩን ሲማግር፣
ከየጉቶው አናት ሦስት ሦስት ቅጠል፣
ንጹሕ፣ አንድ ነጥብ የሌለበት።

ጧይባ መዝገቡን ገለጠች።
«ጣዕም» የሚል ዓምድ አለ፣
ዘጠኝ ዓመት ባዶውን የኖረ፤
እኛ ሣር አንቀምስ፣ ለሙከራም ላም አልተፈቀደልን።
እርሳሷን በምላሷ አርጥባ ጻፈች፦

«ቦራ። አንድ ሌሊት።
ምንም አልተረፈም።»